«የአየርላንዷ ልብስ አጣቢ» የተባለው ጂግ በእርግጥ የማን ዜማ ነው?

ጥያቄ
ከ«ሐይቅ ዳር»፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ልጆችን ቫዮሊን አስተምራለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ከምናጠናቸው ዜማዎች አንዱ፣ በእንግሊዝኛ «አይሪሽ ዋሸርውማን»፣ በአማርኛ ሲመለስ «የአየርላንዷ ልብስ አጣቢ» የሚባለው ጂግ፣ ማለትም ፈጣን የጭፈራ ዜማ፣ ነው። ልጆቹ በጣም ይወዱታል፤ ምቱ የችክችካ ዘመድ ስለሚመስላቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ኖታውን በወጉ ሳይዙት እግራቸው ወለሉን መምታት ይጀምራል።

ባለፈው ወር ለወላጆች ባሰናዳነው አነስተኛ ዝግጅት፣ ለታዳሚዎች በታደለው የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ ከዜማው ስም ሥር «የአየርላንድ ባህላዊ ዜማ» ብዬ ጽፌ ነበር። ዝግጅቱ ሲያበቃ በዕድሜ የገፉ አንድ እንግዳ ጠጋ ብለው፣ በትሕትና ነገር ግን በማያወላውል ቃል፣ ዜማው የእንግሊዝ እንደሆነ፣ ለንደን ውስጥ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ታትሞ ሲጨፈርበት እንደኖረና «አየርላንዳዊት» የሚለው ስም በኋላ እንደተለጠፈበት ነገሩኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከልጆቹ አንዷ አጠገባችን ቆማ ስትሰማ ኖሮ፣ «ታዲያ ወረቀቱ ላይ የጻፍነው ውሸት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ለእርሷም መልስ አጣሁላት።

ከጥምቀት በኋላ ሌላ ዝግጅት ስላለን፣ ወረቀቱን ከማሳተሜ በፊት ነገሩን ማጣራት እፈልጋለሁ። ዜማው በጽሑፍ የተገኘው መቼና የት ነው? እንግሊዛዊ ነው የሚሉት ሰዎች መነሻቸው ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይስ ምን ብሎ መጻፍ ተገቢ ይሆናል? ዓመታትን የምትጠቅሱ ከሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብታደርጉልኝ ለማመሳከር ይቀለኛል።


መልስ
ከ«ቀጥተኛው»

ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ጉዳይ አይመስለኝም። ስሙ ራሱ «የአየርላንዷ» ይላል፤ የአየርላንድ ሙዚቃ ሲባል ለብዙ ሰው በመጀመሪያ ጆሮው ላይ የሚመጣውም ይኸው ዜማ ነው። እንግዳዎ እንግሊዝ አገር ተምረው የመጡ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ወረቀቱን እንደነበረ ይተዉት።


መልስ
ከ«የኖታ ሳጥን»

የ«ቀጥተኛው»ን ሐሳብ በአክብሮት እቃወማለሁ፤ የዜማ ስም የትውልድ ማስረጃ አይሆንምና። ባቲ የወሎ ከተማ ነው፣ አምባሰልም የወሎ ተራራማ አገር ነው፤ ይሁንና በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ሁሉ ባቲ ከተማ ተወለደ የሚል ባለሙያ አልገጠመኝም። እንዲያውም «የአየርላንዷ» የሚለው ቃል እኔን የሚያጠራጥረኝ በተቃራኒው ነው። ሐዋሳ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ልብስ አጣቢ «ኢትዮጵያዊቷ አጣቢ» ብሎ አይጠራትም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራት ከውጭ ሆኖ የሚያያት ሰው ነው። ስለዚህ ዜማው የተወለደው የትም ይሁን የት፣ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ለአየርላንድ እንግዳ የነበረ ይመስለኛል።

ወደ ጽሑፍ ማስረጃው ስንመጣ፣ ነገሩ የሚጀምረው በእርግጥም ለንደን ነው። ጆን ፕሌይፎርድ የተባለ አሳታሚ በ1651 «የእንግሊዝ የጭፈራ መምህር» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ 105 ጭፈራዎችን ከነአካሄዳቸውና ከነዜማቸው የያዘ ሲሆን፣ እጅግ ስለተወደደ እየታደሰና እየሰፋ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ሦስተኛ ዐሥርት ድረስ ደጋግሞ ታትሟል። በዚያ የመጀመሪያ እትም ውስጥ «ዳርጋሰን»፣ በሌላ ስሙ «ሴዳኒ» የሚባል፣ ስምንት ሜዠር (በኖታ ላይ እኩል የተከፈለ የምት ክፍል) ብቻ ያለው አጭር ዜማ ይገኛል። እርስዎ ቫዮሊን ተጫዋች ስለሆኑ ሁለቱን ዜማዎች አከታትለው ቢሞክሯቸው ዝምድናቸውን ጆሮዎ ያገኘዋል፤ ሁለቱም አንድ አጭር ሐረግ ከመነሻው ድምፅ ላይ ይጀምራሉ፣ ያንኑ ሐረግ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይደግሙታል፣ ከዚያም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሚለያዩት ዳርጋሰን የሚያርፍበት ቦታ የሌለው፣ ጭራው ከራሱ ጋር የተቋጠረ ክብ ዜማ በመሆኑ ነው፤ ልጅ ቢጫወተው ማቆሚያው እንዴት እንደሆነ ግራ ይገባዋል። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ጉስታቭ ሆልስት በ1911 ለወታደራዊ ባንድ በጻፈው ሁለተኛ ስዊት የመጨረሻ ክፍል ይህንኑ ማለቂያ አልባነት ተጠቅሞ፣ ዳርጋሰን ሲሽከረከር «ግሪንስሊቭስ» የተባለውን የታወቀ ዜማ በላዩ አስገብቶበታል። እንዳይረሳ ልጨምር፤ ዳርጋሰንን ዌልሶችም የእኛ ነው ይሉታል።

እንግዳዎ የጠቀሱት ግን ዳርጋሰንን ላይሆን ይችላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከታወቁት የእንግሊዝ የጭፈራ ዜማዎች መካከል ትርጉሙ «የገጠር መተጫጨት» የሆነ አንድ አለ፤ ለ«ልብስ አጣቢዋ» ከሁሉም የሚቀርበው እርሱ ነው። ትልቁ የአየርላንድ ሙዚቃ ሰብሳቢና የባግፓይፕ ተጫዋች ብሬንዳን ብራናክ እንኳ፣ ለአገሩ ሙዚቃ የነበረው ፍቅር የማይጠረጠር ሰው ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹ ጂጎች የአየርላንድ ተወላጆች ሲሆኑ ጥቂቶቹ፣ ይህም ዜማ ጭምር፣ ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው የሚል አቋም ነበረው። ዛሬ የምናውቀው መልክ ከዛሬው ስሙ ጋር በኅትመት የተስፋፋው ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ካተሙት አንዱ ስኮትላንዳዊው የቫዮሊን ሰው ኒል ጋው ነበር። እንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ስኮትላንድ! አየርላንድ ራሷ እስካሁን አልመጣችም።

የምትመጣው በሊሜሪክ፣ በአየርላንድ አውራጃ፣ በኩል ነው። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጃክሰን የሚባል ባለርስት የባግፓይፕ ተጫዋች ነበር፤ ዜማዎቹ በስሙ ተሰብስበው በደብሊን ታትመዋል። ከእነዚያ አንዱ «የጃክሰን ደስታ» ሲሆን፣ የአየርላንድ ዜማዎች ሰብሳቢው ፍራንሲስ ኦኒል የ«ልብስ አጣቢዋ» ቀደምት መልክ ይህ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ስለ ኦኒል ጥቂት ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ዛሬ የአየርላንድ ጂጎችን በኖታ የሚያጠና ሰው ሁሉ፣ ያውቀውም አያውቀው፣ የእርሱ ባለዕዳ ነው። ኦኒል በ1848 በኮርክ አውራጃ፣ ባንትሪ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ መርከበኛ ሆነ፤ መርከቡ በፓስፊክ ውቅያኖስ ተሰብሮ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጭው ያለች ደሴት ላይ ቀርቶ ነበር። ኋላ አሜሪካ ገብቶ በ1873 የቺካጎ ፖሊስ ሆነ፣ በተቀጠረ በወሩ ገደማ አንድ ሌባ በጥይት መታው፣ ተረፈ፣ ከ1901 እስከ 1905 ድረስ ደግሞ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ሆነ። ይህ ሰው ዜማ ሲሰማ ወዲያው በልቡ ይይዛል፤ ኖታ መጻፍ ግን እምብዛም አይሆንለትም። ስለዚህ ጄምስ ኦኒል የተባለ፣ ስማቸው ይግጠም እንጂ የሥጋ ዘመዱ ያልሆነ የሥራ ባልደረባው፣ እርሱ በዋሽንት ወይም በፉጨት የሚያሰማውን እየሰማ ይጽፍለት ነበር። ቺካጎ የደረሱ የአየርላንድ ተጫዋቾችን ፖሊስነት እያስቀጠረ በአጠገቡ ያቆያቸው ነበር፤ የተወቀሰበትም የተመሰገነበትም በዚህ ነው። በ1903 ያሳተመው ስብስብ 1,850 ዜማዎችን፣ በ1907 ያወጣው የጭፈራ መጽሐፍ ደግሞ 1,001 ዜማዎችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ዜማ በተለያየ ስም እየተደጋገመ እንደሚገባ ራሱም ያውቅ ነበር፤ ስለ ስሞቹ መብዛትም በሰፊው ጽፏል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የዘር ሐረጉ በጽሑፍ የሚታየው እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ልጆችዎ የሚጫወቱትን መልክ ያወጣው ግን የአየርላንድ ተጫዋቾች እጅ ነው።


መልስ
ከ«የቆሎ ተማሪ ነበርኩ»

የ«የኖታ ሳጥን»ን ሰፊ መልስ በደስታ አነበብሁት፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ቸኩሏል እላለሁ። አንድ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበት ዓመት የተወለደበት ዓመት አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ እንውሰድ። ዜማውን የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ እንደተቀበልን እንናገራለን፤ የዜማው ምልክቶች በሥርዓት የተደራጁት ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። ብራናውን ብቻ የሚያይ የውጭ ሰው «ዜማው የተጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ቢል ምን እንለዋለን? የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ በቃል የተቀበለውን ሰው ሁሉ ከታሪክ ሰረዝከው እንለዋለን።

በአየርላንድም የሆነው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ለንደን ማተሚያ ቤትም፣ መጽሐፍ ገዢም፣ ኖታ የሚያነብ ባለገንዘብም ነበራት። አየርላንድ ውስጥ ግን የአየርላንድን ዜማዎች ብቻ የያዘ የመጀመሪያው ስብስብ በደብሊን የታተመው በ1724 ነው፤ አሳታሚዎቹ ጆንና ዊልያም ኒል ይባላሉ። ከፕሌይፎርድ መጽሐፍ 73 ዓመት ዘግይቷል ማለት ነው። በእነዚያ 73 ዓመታትና ከዚያም በፊት በየመንደሩ የነበረው ተጫዋች፣ ብዙ ጊዜም ዓይነ ስውር የሆነው ባለ ቫዮሊን ወይም ባለ በገና፣ የሚያውቀውን ያስተላለፈው ከጆሮ ወደ ጆሮ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዙ መጽሐፍ «እዚህ ተሰምቷል» ብሎ ይመሰክር ይሆናል እንጂ «እዚህ ተወልዷል» ብሎ መመስከር አይችልም።

ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ከእኔ ይልቅ የቀረበ ምሳሌ አላችሁ። በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ ሲዜም፣ ያንን ዜማ ማን እንደደረሰው፣ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይታችኋል?


መልስ
ከ«የኖታ ሳጥን»

የተከበሩ የቆሎ ተማሪ፣ ወቀሳዎን ተቀብያለሁ፤ የ1724ቱን ስብስብ መጥቀስ ነበረብኝ። የያሬድ ዜማ ምሳሌ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ያ ዜማ በዐውደ ምሕረት የተጠበቀ፣ አንዲት ቃና እንዳትጎድል ተማሪው ዓመታት የሚደክምበት ነው፤ ጂግ ግን የጭፈራ ዜማ ነው፣ ጭፈራ ወደሚከፈልበት ይሄዳል።

እንዴት እንደተጓዘ የሚያሳይ የዓይን ምስክርም አለ። አርተር ያንግ የተባለ እንግሊዛዊ የእርሻ ጸሐፊ ከ1776 ጀምሮ አየርላንድን ዞሮ ያየውን በ1780 አሳትሟል። ድሆች ሳይቀሩ ጭፈራ እንደሚማሩ፣ የጭፈራ መምህራን ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዞሩ፣ ባግፓይፕ ነፊ ወይም ዓይነ ስውር የቫዮሊን ተጫዋች አስከትለው እንደሚያስተምሩ፣ ክፍያውም ለሦስት ወር ስድስት ፔኒ እንደነበረ ይናገራል። ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ መምህራኑ ከአየርላንዱ ጂግ ሌላ ሚኑዌትና የእንግሊዝ አገር ጭፈራም ያስተምሩ ነበር። እንግዲህ ዜማው በምን በኩል ባሕሩን እንደተሻገረ ብጠየቅ፣ ጣቴን የምቀስረው ወደ እነዚህ ዘዋሪ መምህራን ነው። አዝማሪ ከጎንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየደረሰበት ግጥሙን ለባለቤቱ እንደሚያስማማው፣ እነርሱም ዜማውን ለተማሪው እግር እያስማሙ ሄደዋል።

ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ሌሎች ጂጎችም አሉ። ዛሬ በአየርላንድ ሠርግ ላይ የሚሰማውና ትርጉሙ «ወደ ሠርጉ ፍጠኑ» የሆነው ጂግ በስፋት የታወቀው በ1767 በለንደኑ ድሩሪ ሌይን ቲያትር በታየ ጨዋታ ነው። አየርላንድ ውስጥ ግን ባዕድ ነው ብሎ የሚያባርረው የለም።

ስለ ስም ደግሞ ለ«ቀጥተኛው» አንድ ምሳሌ ልጨምር። «የሞሪሰን ጂግ» የሚባል እጅግ የታወቀ ዜማ አለ፤ ስሙን ያየ ሰው የደረሰው የስላይጎው ባለ ቫዮሊን ጄምስ ሞሪሰን ነው ይላል። ሞሪሰን ግን የተማረው ኒው ዮርክ ውስጥ ከኬሪው አኮርዲዮን ተጫዋች ከቶም ካርሞዲ ነው፤ ካርሞዲ በሌላ ስም ያውቀው ነበር፣ በ1936 በሸክላ ሲቀረጽም በሦስተኛ ስም ወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው ሸክላና ጋዜጣ ባለበት ዘመን ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ምን ያህል ሊቀያየር እንደሚችል ይገምቱ።


መልስ
ከ«የታቦር ማሲንቆ»

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ጠያቂው ከልጆች ጋር ስለሚሠሩና እኔም ይህን ዜማ በማሲንቆ ስለሞከርሁት የበኩሌን ልበል።

ጂግ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «ልብስ አጣቢዋ» ድርብ ጂግ ከሚባሉት ስትሆን፣ በስድስት ስምንተኛ ሜዠር ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነው የተሰለፉ ስድስት ፈጣን ድምፆች አሏት። ሁለት ክፍሎች አሏት፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ሜዠር ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ይደገማሉ፤ በድምሩ 32 ሜዠር ሲሞላ ጨፋሪው አንድ ዙር ጨርሷል ማለት ነው። በዘጠኝ ስምንተኛ የሚሄዱ ሌሎች ጂጎችም አሉ፤ እነርሱን ለኋላ ያቆዩአቸው።

ልጆቹ ችክችካ የመሰላቸው ስድስቱን ስለሰሙ ነው፣ ልክ ናቸው። ነገር ግን በችክችካ ስድስቱ በሁለትም በሦስትም ተከፍለው ባንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ ጭብጨባው አንዱን ሲይዝ ከበሮው ሌላውን ይይዛል። በጂግ እግር በሜዠር ሁለት ጊዜ ብቻ ይመታል፣ ጉዳዩም በዚያ ያልቃል። ደግሞም የአየርላንድ ተጫዋቾች ሦስቱን ድምፆች እኩል አያደርጓቸውም፤ የመጀመሪያውን ትንሽ ያስረዝሙታል፣ ሁለተኛውን ያሳጥሩታል። በኖታው ላይ ይህ አይታይም። ልጆችዎ ኖታውን ብቻ ከተከተሉ ዜማው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሆንባቸዋል።

ክራር ለመጨመር ካሰቡ ተጠንቀቁ። በሶል ሲጫወቱት በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜዠሮች በእነዚህ ይሄዳሉ ለማለት ይቻላል፣ አንድ ዶ ብቻ በመሸጋገሪያ ላይ አለች። ሦስተኛው ሜዠር ላይ ግን ዶ ራሷ ወንበሩን ትይዛለች፣ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ፋ ሻርፕ ትመጣለች፤ ሁለቱም በክራሩ ላይ የሉም። ማሲንቆ ጣት የሚረግጠው ምልክት ስለሌለው ይህ ችግር አይነካውም። ከበሮ መጨመር ለሚፈልግም ነውር የለበትም፤ አየርላንዶች ራሳቸው ቦድራን የተባለውን የእጅ ከበሮ ወደ ባንድ አምጥተው ያስለመዱት ገና በ1960ዎቹ፣ በሾን ኦሪያዳ ሙዚቀኞች አማካይነት ነው።


መልስ
ከ«ቀጥተኛው»

የሞሪሰኑ ነገር አሸንፎኛል። ስም ማስረጃ ነው ያልሁትን አንሥቻለሁ። ሆኖም ግን ወረቀቱ ላይ «የእንግሊዝ ዜማ» ተብሎ ቢጻፍ አሁንም አልስማማም፤ ሦስት መቶ ዓመት የተጫወተውና ዛሬም የሚጫወተው ሕዝብ ባለቤት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? በ1947 ሊሮይ አንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ አቀናባሪ የአየርላንድ ዜማዎችን ለኦርኬስትራ ሲያሰናዳ የጀመረው በዚሁ ዜማ እንደሆነም አስታውሳለሁ።


የጠያቂው ምላሽ
ከ«ሐይቅ ዳር»፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለልጆቹ በአጭሩ ነገርኋቸው፤ ከታሪኩ ሁሉ የያዙት ግን የፖሊስ አዛዡን ነው። በጥይት ተመትቶ የተረፈ፣ ዜማ የሚሰበስብ ፖሊስ መኖሩን ማመን አቅቷቸው ነበር።

ዝግጅቱን እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። ትንንሾቹ አራት ልጆች ዳርጋሰንን ይጀምራሉ፤ ማቆሚያ የለውም ስለተባለ እስኪበቃቸው ድረስ ይሽከረከሩበታል፣ ከዚያ ትልልቆቹ በ«ልብስ አጣቢዋ» ይገቡባቸዋል። «የታቦር ማሲንቆ» እንደመከሩት ክራሩን ትቼዋለሁ፤ ሦስቱን ድምፆች የማበላለጡን ነገር ግን ገና አልያዙትም፣ እኔም ራሴ አልተዋጣልኝም።

ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ይህ ነው፦ «የአየርላንዷ ልብስ አጣቢ፤ የአየርላንድ ጂግ። የዜማው ዘመዶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በለንደን ታትመው ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዱን፣ ዳርጋሰንን፣ አስቀድመን እናሰማለን።» ውሸት ጻፍን ወይ ብላ የጠየቀችኝ ልጅ አንብባ፣ «ዘመዶች» የሚለውን ቃል ወዳዋለች። እኒያን እንግዳም በሰው በኩል አስጠርቻቸዋለሁ፤ ቢመጡ የፊተኛውን ወንበር እንሰጣቸዋለን።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ያገኘሁት የዳርጋሰን ኖታ ለነፋስ መሣሪያዎች የተሰናዳ ስለሆነ ለትንንሾቹ ጣት ይከብዳል። ለቫዮሊን በሶል ሜጀር የጻፈው ሰው ካለ እዚሁ ቢያስቀምጥልኝ ትልቅ ውለታ ይሆናል።